ቅርጫ የሌለበት ገበያ፦ ከሰል፣ ሙቀትና ኳንተም

ቡና ሲፈላ ምድጃውን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከሰሉ መጀመሪያ ጥቁር ነው። ማራገቢያው ሲበረታ ጫፍ ጫፉ ይቀላል። ቆየት ሲል ፍም ይሆንና ደም ይመስላል። ክንዷ የበረታ ልጅ ካራገበችው ደግሞ ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ሰማያዊ ፍም ግን አይታችሁ አታውቁም። አንዳንዴ ከላዩ ብልጭ የምትለው ሰማያዊ ነበልባል የሚነድ ጋዝ ናት፤ የፍሙ ቀለም አይደለችም።

ፍም ለምን ይቀላል? ለምንስ ሰማያዊ አይሆንም? የሕፃን ጥያቄ ይመስላል። የአቶምንና የብርሃንን ጥቃቅን ዓለም የሚያጠናው ኳንተም መካኒክስ ግን የተወለደው ከዚህ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ነገሩ ከአቶም የተጀመረ ይመስለዋል። የተጀመረው ከሙቀት ነው።

ይህን ያለ ምክንያት አላነሳሁትም። በማኅበራዊ ሚዲያው «ኳንተም የቴርሞዳይናሚክስን ሕግ ሰበረ» የሚል ወሬ በየጊዜው ይዞራል። ቴርሞዳይናሚክስ የሙቀት ሳይንስ ነው። ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ የሄደ ሙቀት፣ ከተፈቀደው በላይ የሠራ ሞተር፣ ያልተባለ ነገር የለም። ሳነበው እናደዳለሁ። ሙከራዎቹ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ናቸው። ውሸቱ ርዕሱ ነው። ሕጉ አልተሰበረም፤ የሂሳብ መዝገቡ ላይ አንድ አዲስ ዓምድ ተጨመረ እንጂ። የትኛው ዓምድ እንደሆነ ለማሳየት ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እሑድ፣ በርሊን

በ1887 በርሊን አጠገብ ሻርሎተንቡርግ ላይ አንድ የመንግሥት የመለኪያ ተቋም ተቋቋመ። የመብራት ኢንዱስትሪው ገና እያደገ ነው። የአንዱ መብራት ድምቀት ከሌላው ጋር በምን ይወዳደር? የጋራ መለኪያ ያስፈልግ ነበር። የተቋሙ ሰዎች ውስጡ ባዶ የሆነ ዕቃ አግለው፣ ትንሽ ቀዳዳ አበጅተው፣ ከቀዳዳዋ የሚወጣውን ጨረር ቀለም በቀለም ይለኩ ጀመር። ፍልስፍና አልነበረም ሥራቸው። የደረጃና የመለኪያ ጉዳይ ነበር።

ማክስ ፕላንክ በርሊን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ነው። የሙቀት ሰው ነው። በ1879 የዶክትሬት ጽሑፉን የሠራው በቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛ ሕግ ላይ ነበር። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ ሙቀት በገዛ ራሱ ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ አይሄድም። በሌላ አነጋገር፣ ኢንትሮፒ የምንለው የመበታተን መጠን ከውጭ በተዘጋ ነገር ውስጥ አይቀንስም። ቪየና የነበረው የፊዚክስ ሊቅ ሉድቪግ ቦልትዝማን ግን «ይህ ሕግ የዕድል ጉዳይ ነው፤ የተበታተነው ከተሰበሰበው እጅግ ስለሚበዛ ነው» ይል ነበር። ለፕላንክ ይህ አልተዋጠለትም። ሕግ ሕግ ነው፤ ምን ዕድል አለው?

ኦክቶበር 7 ቀን 1900 እሑድ ነው። ሃይንሪሽ ሩበንስ የሚባል የሙከራ ሰው ከባለቤቱ ጋር ፕላንክ ቤት ለእንግድነት ሄደ። በጨዋታ መሀል ሩበንስ አንድ ነገር ጣል አደረገ። ከጋለ ዕቃ የሚወጡትን፣ ዓይን የማያያቸውን ረጃጅም ሞገዶች ሲለካ፣ እስከዚያ ሁሉም የሚያምንበት ቀመር አልሠራለትም። እንግዶቹ ሲሄዱ ፕላንክ ወረቀትና እርሳሱን ይዞ ቁጭ አለ። በዚያው ምሽት አዲስ ቀመር አገኘና በፖስትካርድ ለሩበንስ ላከለት። ቀመሩ ከልኬቱ ጋር ልክክ አለ።

ችግሩ ቀመሩ ለምን እንደሚሠራ ፕላንክ ራሱ አለማወቁ ነው። ሁለት ወር ታገለ። መጨረሻ ላይ የተናቀውን በር አንኳኳ፦ የቦልትዝማንን የቆጠራ ዘዴ። ለመቁጠር ደግሞ የሚቆጠር ነገር ያስፈልጋል። ስለዚህ ጉልበትን ቆራረጠው። የአንዷ ቁራሽ መጠን ከብርሃኑ የንዝረት ፍጥነት ጋር ይጨምራል አለ። ዲሴምበር 14 ቀን ይህንን ለጀርመን የፊዚክስ ማኅበር አቀረበ። ከ30 ዓመት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ ድርጊቱን «የተስፋ መቁረጥ እርምጃ» ብሎታል። ቪየና ቦልትዝማን መቃብር ላይ የተቀረጸውን ታዋቂውን የኢንትሮፒ ቀመርም በዚያ መልኩ የጻፈው ፕላንክ ነው። ቦልትዝማን በ1906 ራሱን አጠፋ፤ ድሉን በደንብ ሳያየው።

በግ ተራ

ቁራሽ ማለት ምን ማለት ነው? ጤፍና በግን አስቡ። ጤፍ በኩንታል ትገዛላችሁ፣ በኪሎም፣ ከፈለጋችሁ በስኒ። በግ ግን እንዲህ አይደለም። ሦስት ሺህ ብር ይዞ የፋሲካ ዋዜማ በግ ተራ የገባ ሰው የሦስት ሺህ ብር በግ አይቆረጥለትም። ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን ይወጣል። እኛ እንኳ ለበሬ ቅርጫ አለን። በተፈጥሮ ገበያ ግን ቅርጫ የለም። ወይ ሙሉውን ነው፣ ወይ ምንም።

የድሮው ፊዚክስ ጉልበትን እንደ ጤፍ ነበር የሚያየው። በዚያ ሂሳብ መሠረት ሙቀት ለእያንዳንዱ ዓይነት የብርሃን ንዝረት እኩል ድርሻ ያድላል። ፈጣን ንዝረቶች ደግሞ ማለቂያ የላቸውም። ሂሳቡን እስከ መጨረሻው ከተከተልነው የቡና ምድጃው ከቀይ ይልቅ ሰማያዊ፣ ከሰማያዊ ይልቅ አልትራቫዮሌት፣ ከዚያም ኤክስሬይ እየረጨ ቡና ጠጪውን ሁሉ መጨረስ ነበረበት።

በፕላንክ ገበያ ግን ሙቀት የኪስ ገንዘብ ነው። የብርሃኑ ቀለም የበጉ ዋጋ ነው። አንድ ሺህ ኬልቪን ገደማ የጋለ ፍም ኪሱ ውስጥ ያለው ገንዘብ ትንሽ ነው። (ኬልቪን ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከብርድ ሁሉ መጨረሻ፣ ጀምሮ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው።) የአንዲት ሰማያዊ ቁራሽ ዋጋ የዚህን ገንዘብ 30 እጥፍ ያህል ይሆናል። የቀይዋም 20 እጥፍ ገደማ ነው። ገንዘቡ ግን ለሁሉም እኩል አይደርስም፤ አልፎ አልፎ ዕድለኛ ይገኛል። የቀይዋን ዋጋ የሚሞሉት ጥቂት ቢሆኑም ለዓይናችን ይበቃሉ። የሰማያዊዋን የሚሞሉት ግን ከቁጥር አይገቡም። አብዛኛው ገንዘብ የሚወጣው ርካሽ በሆነው፣ ዓይን በማያየው ኢንፍራሬድ ጨረር ላይ ነው። እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ እሱ ነው።

ይህችን የዋጋና የኪስ ነገር ያዙልኝ። ሁለቱን የሚያገናኙት ሁለት ቁጥሮች ናቸው፦ የፕላንክ ቁጥር ዋጋውን፣ የቦልትዝማን ቁጥር ኪሱን ይተምናል። አንስታይን በ1907 ያንኑ ሂሳብ ወደ ጠጣር ነገር አመጣው። አልማዝ በክፍል ሙቀት ሲሞቅ የድሮው ሕግ ከሚለው ሩብ ያህሉን ሙቀት ብቻ ነው የሚይዘው። ለምን? የካርቦን አቶሞቹ አጥብቀው ስለተያያዙ ንዝረታቸው ፈጣን ነው። ፈጣን ማለት ውድ ማለት ነው። አብዛኞቹ መግዛት አቅቷቸው ቁጭ ብለዋል። ከሰልም አልማዝም ካርቦን ናቸው፤ ሁለቱም ያንኑ ምስጢር አወጡ።

ቡናው ለምን ይቀዘቅዛል?

እስካሁን ልጁ ኳንተም ከእናቱ ከሙቀት ሳይንስ እንዴት እንደተወለደ ነው ያወራነው። ጠቡ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ስኒው ላይ ያለው ቡና ይቀዘቅዛል። ተመልሶ በራሱ አይሞቅም። ሁለተኛው ሕግ ይህ ነው። የኳንተም እኩልታ ግን ወደፊትና ወደኋላ አይለይም። ከውጭ በተዘጋ ነገር ውስጥ ምንም አይረሳም። የሂሳብ ሊቁ ጆን ፎን ኖይማን በ1927 የኳንተምን ኢንትሮፒ የሚለካበት ቀመር ሠራ። በዚያ ቀመር ለጠቅላላው ነገር ኢንትሮፒውን ብታሰሉት ትላንትም ዛሬም ያው ነው። ንቅንቅ አይልም። ታዲያ ቡናው ምን ሆኖ ቀዘቀዘ?

መልሱ የሰፈር ወሬ ይመስላል። አንድ ምስጢር አለ እንበል። ለሃያ ጎረቤት አንድ አንድ ቃል ተነገራቸው። አንዷን ጎረቤት ለብቻዋ ብትጠይቋት ትርጉም የሌለው ቃል ትነግራችኋለች። ሁለተኛዋም እንዲሁ። «ወሬው ጠፍቷል» ብላችሁ ትመለሳላችሁ። ወሬው ግን አልጠፋም። ሃያዎቹ መካከል ተበትኗል። ኳንተም ላይ ይህ መበተን ከተራው የባሰ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ይጠላለፋሉ፤ መረጃው ከማንኛቸውም ዘንድ ለብቻ አይገኝም። ያለው በመካከላቸው ባለው ዝምድና ውስጥ ነው።

በ2016 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ይህን በዓይን አዩት ማለት ይቻላል። ስድስት የሩቢዲየም አቶሞችን ብርሃን በሠራው መደርደሪያ ላይ አሰለፉ። ከዚያ ለቀቋቸው። አቶሞቹ ከቦታ ቦታ ይዘሉ፣ ይገፋፉ ጀመር። ጥቂቶቹን ለይተው ሲመለከቱ ልክ እንደጋለ ነገር ሆኑ፤ ኢንትሮፒያቸው ጨመረ። ሁሉንም አንድ ላይ ሲለኩ ግን ምንም አልተበላሸም። ጠቅላላው እንደነበረው ንጹሕ ነው። ለመለካት ሁለት መንታ ቅጂ አዘጋጅተው እርስ በርስ ማነጻጸር ነበረባቸው፤ ቀላል ሥራ አይደለም። ስድስት አቶም ብቻ! እኛ ሙቀት የምንለው ነገር ለመታየት ስድስት አቶም በቃው።

እንግዲህ ቡናው የቀዘቀዘው መረጃው ጠፍቶ አይደለም። ወደ አየሩ፣ ወደ ረከቦቱ፣ ወደ ግድግዳው ተበትኖ ነው። መልሶ መሰብሰብ የሚችል የለም። ለእኛ ይህ ከመጥፋት ምንም አይለይም፤ ለተፈጥሮ ግን ይለያል። ያልኳችሁ አዲሱ የመዝገብ ዓምድ ይኸው ነው፦ ዝምድና።

በሩ ላይ የቆመው ረዳት

የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1867 ለጓደኛው በጻፈው ደብዳቤ አንድ ተንኮል አሰበ። በሁለት ክፍሎች መካከል ትንሽ በር አለ። በሩ ላይ አንድ ፍጡር ቆሟል። ዓለም ጋኔን ይለዋል፤ እኔ የታክሲ ረዳት ብለው ይሻለኛል። ፈጣኑ የአየር ቅንጣት ሲመጣ ከፍቶ ወደ ቀኝ ያሳልፋል፤ ቀርፋፋው ሲመጣ ወደ ግራ። ቀስ በቀስ ቀኙ ይሞቃል፣ ግራው ይቀዘቅዛል። ማንም አልገፋ፣ ማንም አልከፈለ። ሁለተኛው ሕግ ቁጭ በሉ ተሠራ ማለት ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ አከራከረ። የተዋጣለት መልስ የመጣው ከኮምፒውተር ዓለም ነው። አይቢኤም ውስጥ ይሠራ የነበረው ሮልፍ ላንዳወር በ1961 አንድን መረጃ መደምሰስ የግድ ሙቀት ያስወጣል አለ። ቻርልስ ቤኔት ደግሞ በ1982 ነገሩን ወደ ረዳቱ አዞረው። ረዳቱ ማን ፈጣን፣ ማን ቀርፋፋ እንደሆነ ማስታወስ አለበት። ጭንቅላቱ ሲሞላ መደምሰስ አለበት። ያተረፈውን ሁሉ በዚያች ሰዓት ይመልሳታል። በክፍል ሙቀት የአንድ ቢት፣ ማለትም የመጨረሻዋ ትንሽ የመረጃ ቁራሽ (ዜሮ ወይም አንድ)፣ መደምሰሻ ዝቅተኛ ዋጋ እጅግ ኢምንት ነው። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ በየድርጊቱ ከዚህ በሺዎች እጥፍ እንደሚያባክን ማወቅ ይበቃል። በ2012 ሊዮን፣ ፈረንሳይ ውስጥ አንዲት ሁለት ማይክሮን (የሚሊሜትር ሁለት ሺኛ) የምትሆን የብርጭቆ ዶቃ ውኃ ውስጥ በሌዘር ይዘው፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላው እየገፉ ይህንኑ ዝቅተኛ ዋጋ ለኩት። ላንዳወር ልክ ነበር።

አሁን ወደዚያ የሚያናድደኝ ርዕስ። በ2019 የብራዚል ተመራማሪዎች ከሌሎች አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ክሎሮፎርም በሚባል ፈሳሽ ሞለኪውሎች ላይ ሠሩ። በእያንዳንዱ ሞለኪውል ውስጥ ያሉትን የካርቦንና የሃይድሮጂን አቶም አስኳሎች አንዱን ሞቅ፣ ሌላውን ቀዝቀዝ አደረጉ። ሲያገናኟቸው ሙቀቱ ከቀዝቃዛው ወደ ሙቁ ሄደ። እውነት ነው፤ ሄዷል። ግን ከመጀመሪያው በሁለቱ መካከል ዝምድና አስቀምጠው ነበር። ሙቀቱ ወደ ኋላ ሲሄድ ያ ዝምድና እየተበላ ነበር። ዝምድናው ባይኖር ሙቀቱ በወጉ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ይወርዳል፤ ያንንም አሳይተዋል። ወር ሙሉ ሳይሠራ የበላ ሰው አይታችሁ «ይሄ ሰው ያለ ገንዘብ ይኖራል» እንደማለት ነው። ቁጠባውን አላያችሁማ።

ከካርኖ ወሰን በላይ ሠራ የተባለው ሞተርም ከዚህ ብዙ አይለይም። ሳዲ ካርኖ በ1824 የትኛውም የሙቀት ሞተር በሙቁና በቀዝቃዛው ወገኑ መካከል ካለው ልዩነት የሚያገኘው የተወሰነ እንደሆነ አሳየ። ያንን ወሰን «አለፉ» የተባሉት ሙከራዎች ምድጃቸው ተራ ምድጃ አይደለም። አስቀድሞ ጉልበት ፈሶበት ቅርጹ የተለወጠ ነው። ያ ሲደመር ካርኖ ቦታው ላይ ነው። ያለ ጩኸት ደስ የሚለው የጀርመን ማይንትስ ከተማ ሙከራ ነው። በ2016 ከአንድ የካልሲየም አቶም ሞተር ሠሩ። አንድ አቶም፣ በቃ። የተጠቀመው ከተቀበለው ሙቀት 0.28 በመቶ ነበር። አሠራሩም ኳንተም ሳይሆን ተራው የሞተር ሕግ ነበር፤ ተመራማሪዎቹም ይህን አልደበቁም።

ፍሪጁ

ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል? ለኳንተም ኮምፒውተር የቀን ተቀን ራስ ምታት ነው።

ኩቢት የኳንተም ኮምፒውተር ቢት ነው። ከሱፐርኮንዳክተር (ሲቀዘቅዝ ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት ከሚያሳልፍ ቁስ) የሚሠራ አንድ ኩቢት በሰከንድ አምስት ቢሊዮን ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የበጉ ዋጋ እንግዲህ ይህ ነው። በኪስ ገንዘብ ሲተመን ከፍጹም ዜሮ በላይ ሩብ ኬልቪን ገደማ ይሆናል። እናንተ የተቀመጣችሁበት ክፍል ሦስት መቶ ኬልቪን ነው፤ ኪሱ በአንዴ ከሺህ በላይ በግ ይገዛል። በዚህ ክፍል ውስጥ ኩቢቱ ዜሮ ላይ ይሁን አንድ ላይ ለይቶ መያዝ ዘበት ነው። ስለዚህ ኪሱን ማራቆት የግድ ነው። በሂሊየም የሚሠሩት ትላልቅ ማቀዝቀዣዎች ቺፑን ከፍጹም ዜሮ በላይ ወደ 0.02 ኬልቪን ያወርዱታል፤ ከሕዋው ከመቶ እጥፍ በላይ ቀዝቃዛ ማለት ነው። ዋጋው? ከቺፑ በማይክሮዋት የሚቆጠር ሙቀት ለማውጣት በኪሎዋት የሚቆጠር ኤሌክትሪክ። ኩቢት በተጨመረ ቁጥር ሽቦ ይጨመራል፤ እያንዳንዱ ሽቦ ደግሞ ሙቀት ይዞ ይገባል። ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ፍጥነት ሲወራ ስለዚህ ብዙም አይወራም። መወራት ነበረበት።

በጃንዋሪ 2025 ስዊድን ውስጥ የቻልመርስ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች አንድ ኩቢት እስከ 22 ሚሊኬልቪን (0.022 ኬልቪን) ያቀዘቀዘች የኳንተም ፍሪጅ ይፋ አደረጉ። ፍሪጇ የምትሠራው በሙቀት ነው። ሦስት ዕቃዎች ተያይዘዋል፦ አንዱ ከሞቃቱ ወገን ሙቀት ይቀበላል፣ ሁለተኛው ሊቀዘቅዝ የተፈለገው ኩቢት ነው፣ ሦስተኛው ከቀዝቃዛው ወገን ጋር ይገናኛል። ከሞቃቱ ወገን የመጣች ቁራሽ ለብቻዋ የሦስተኛውን ዕቃ ዋጋ አትሞላም። የኩቢቱ ትርፍ ጉልበትም ለብቻው አይሞላም። ሁለቱ ሲደመሩ ልክ ይሆናል። ስለዚህ ሙቀቷ ኩቢቱን እጁን ይዛ ታስገባዋለች፤ ሦስተኛው ዕቃ ደግሞ ሁለቱንም ወደ ቀዝቃዛው ወገን ይጥላቸዋል። ኩቢቱ ባዶውን ይቀራል። ያለ ትእዛዝ፣ ያለ ተቆጣጣሪ።

እሳት ሰጥተውት በረዶ የሚመልስ ዕቃ እንግዳ የሚሆንባችሁ ካላችሁ፣ መብራት በሌለበት ገጠር የጤና ባለሙያ የነበረ ሰው ጠይቁ። ክትባት የሚቀመጠው በላምባ ፍሪጅ ነበር። ከታች እሳት፣ ከላይ ብርድ። ጠዋት ጠዋት ጎንበስ ብሎ ክሩን ማስተካከል የባለሙያው ሥራ ነው። ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ካጨሰ ፍሪጁ አያቀዘቅዝም። ሰማያዊ መሆን አለበት። እዚያም ብትሆን ሰማያዊዋ የምትነደው ጋዝ ናት።